መድፉ ወደ ውስጥ የዞረበት መርከብ

(ምስል፦ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የባሪያ መርከብ፣ ከጎን)

ከመካከሉ ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ፣ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር የሚቆርጠውን የእንጨት ግድግዳ ተመልከቱ። መርከበኞቹ ባሪካዶ ይሉታል። ቁመቱ 3 ሜትር ያህል ነው። ማንም ዞሮ እንዳይሻገረው ጫፎቹ ከመርከቡ ጎን ወጥተው ባሕሩ ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ይዘረጋሉ። ሰው አንድ በአንድ ብቻ የሚያልፍባት ጠባብ በር አለችው። ትንንሽ መድፎችም ተጠምደውበታል፤ አፈሙዛቸው የዞረው ግን ወደ ባሕሩ ሳይሆን ወደ ራሱ መርከብ ወለል ነው።

ባለመርከቦቹ ማንን ይፈሩ እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። በአትላንቲክ የባሪያ ንግድ 12.5 ሚሊዮን ያህል አፍሪካውያን ተጭነዋል። የጉዞ መዝገቦቹን ያጠኑ የታሪክ ሰዎች እንደሚገምቱት፣ ከ10 ጉዞ በአንዱ ገደማ አመፅ ተነስቷል። የባሪያ መርከብ ከእኩያው የንግድ መርከብ ይልቅ ብዙ መርከበኛ የሚቀጥረውም በዚሁ ፍርሃት ነው። ደመወዙም ስንቁም ከትርፍ የሚቀነስ ስለሆነ፣ ያልተሳካ አመፅ እንኳ ነጋዴውን ያስከፍለው ነበር።

(ምስል፦ የእግር ብረት)

ወንዶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ የአንዱ ቀኝ እግር ከሌላው ግራ እግር ጋር ይታሰራል። ሴቶችና ሕፃናት ግን ብዙውን ጊዜ ሳይታሰሩ ከግድግዳው ማዶ፣ ካፒቴኑና የጦር መሣሪያው ባሉበት ወገን ይውላሉ። ይህ ቸርነት አይደለም፤ ሴቶቹን ለመርከበኞቹ ጥቃት አሳልፎ የሰጠ አሠራር ነው። ንቀትም አለበት፤ ንቀቱ ደግሞ ባለቤቶቹን ዋጋ አስከፍሏል። በ1721 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሮበርት በተባለው የብሪስቶል መርከብ ላይ ቶምባ የሚባል ምርኮኛ ሲያምፅ፣ የዘቦቹን ቁጥር የነገረችውና መዶሻ ያቀበለችው አንዲት ሴት ነበረች። አመፁ ከሸፈ፤ እሷም በግርፋትና በስለት ተሠቃይታ ተገደለች። ስሟን የጻፈልን የለም።

እህል አልቀምስም ማለትም አንዱ ትግል ነበር። የዚህ መልስ በመንጋጋ ቆልፍ ለተያዘ በሽተኛ የተሠራ፣ በብሎን እየተጠመዘዘ አፍ የሚፈለቅቅ መሣሪያ ነው። ወደ ባሕር ለሚዘሉት ደግሞ በመርከቡ ዳርና ዳር መረብ ይወጠራል። በ1785 ለንደን ላይ በታየ የኢንሹራንስ ክርክር፣ በአመፅ ለሞቱት ካሳ ሲጠየቅ ፍርድ ቤቱ ሙታኑን ለሁለት ከፈላቸው፦ በውጊያው ለተገደሉትና በቁስላቸው ለሞቱት ይከፈል፤ የባሕር ውኃ ጠጥተው፣ ምግብ እምቢ ብለው ወይም አመፁ ስለከሸፈ አዝነው ለሞቱት አይከፈል።

እንግዲህ መርከቡ ተያዘ እንበል። ቀጥሎስ? ከባዱ ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለናል። ሸራ መወጠር፣ መሪ መጨበጥ፣ የት እንዳሉ ማወቅ፤ ይህ ሁሉ ሙያ ነው፣ ባለሙያዎቹ ደግሞ ጠላቶች ናቸው። ብዙ አመፆች መሬት ገና ሳይርቅ የተነሱትም ያለ ነገር አይደለም።

(ምስል፦ የምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ካርታ)

ሊትል ጆርጅ የተባለው መርከብ በሰኔ 1730፣ 96 ምርኮኞች ጭኖ ከጊኒ ጠረፍ አሜሪካ ወዳለችው ሮድ አይላንድ ጉዞ ጀመረ። በጥቂት ቀን ውስጥ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ ከእግር ብረታቸው የወጡ ሰዎች 3 ዘቦችን ገደሉ፤ የቀሩት መርከበኞች ታች ክፍል ውስጥ ተከበቡ። መርከበኞቹ ጠርሙስ በባሩድ ሞልተው ሊወረውሩ ሲሉ ከላይ መጥረቢያ ወደቀበትና እዚያው ክፍላቸው ውስጥ ፈነዳ። አፍሪካውያኑ መርከቡን ራሳቸው ነድተው በዘጠኝ ቀን ሴራሊዮን ወንዝ ገቡ፤ ከዚያም ወደ ምድር ወረዱ።

ርቀቱ ሲጨምር ነገሩ ይለወጣል። በ1839 ኩባ አጠገብ፣ ሴንግቤ ፒየህ የሚባል ምርኮኛና ጓደኞቹ በሚስማር ቁልፍ ፈልቅቀው፣ የሸንኮራ አገዳ ገጀራ ይዘው አሚስታድ የተባለውን መርከብ ያዙ። ካፒቴኑንና ወጥ ሠሪውን ገደሉ፤ እንዲነዱላቸው ሁለት ስፔናውያንን ግን አስቀሩ። የመጡት ከፀሐይ መውጫ በኩል ነበርና ወደዚያው አስነዱ። ስሌቱ ልክ ነበር፤ ቀዳዳው ሌሊቱ ነው። ከስፔናውያኑ አንዱ፣ ሞንቴስ፣ ቀን ቀን ሸራውን አላልቶ ወደ ምሥራቅ ያዘግማል፤ ሲመሽ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያዞራል። ወደ ሁለት ወር ባክነው፣ ውኃ አልቆባቸው፣ ኒው ዮርክ አጠገብ ሎንግ አይላንድ ደርሰው ተያዙ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመጋቢት 1841 ነፃ አላቸው፤ አገራቸው የገቡት 35ቱ ብቻ ናቸው።

በሕንድ ውቅያኖስ በኩል ሜርሚን የተባለው የደች መርከብ በ1766 ከማዳጋስካር ወደ ኬፕ (በዛሬዋ ደቡብ አፍሪካ) 140 ያህል ሰው ጭኖ ነበር። አንድ ሹም ማዳጋስካር ላይ የተገዙ ጦሮችን አምጥቶ ምርኮኞቹን ጥረጉ አላቸው! ጠርገው ወጉባቸው። ከመርከበኞቹ ግማሽ ያህሉ አለቁ፤ የተረፉት ወደ ማዳጋስካር እንመልሳችኋለን ብለው ወደ አፍሪካ ደቡብ ጫፍ ነዱ። ከምርኮኞቹ አገራችን ነው ብለው የወረዱት፣ ሰላም ከሆነ ሦስት እሳት ሊያነዱ ተስማምተው ነበር። የታጠቁ ገበሬዎች ጠበቋቸው። መርከበኞቹም ሦስት እሳት አንድዱ የሚል ደብዳቤ በጠርሙስ ወደ ባሕር ጣሉ፤ ጠርሙሶቹ ተገኙ፤ እሳቱ ነደደ። መርከቡ ወደ ዳር ሲጠጋ አሸዋ ላይ ተቀረቀረ፣ ሁሉም ተማረኩ።

ክሪዮል በተባለው የአሜሪካ መርከብ ላይ ያመፁት ግን የት እንደሚሄዱ ያውቁ ነበር። በኅዳር 1841፣ ከቨርጂኒያ ወደ ኒው ኦርሊንስ በባርነት ሲወሰዱ፣ ማዲሰን ዋሽንግተንና 18 ጓደኞቹ መርከቡን ያዙ። መጀመሪያ ላይቤሪያ አሉ፤ ለዚያ የሚበቃ ውኃና ስንቅ አልነበረም። ባሃማስ ቅርብ ናት፤ የእንግሊዝ ስለሆነችም ባርነት ተሽሮባታል፤ ከዚያ በፊት እዚያ የደረሱ ባሮች ነፃ መውጣታቸውንም ሰምተዋል። በሁለት ቀን ናሶ ወደብ ላይ መልሕቅ ጣሉ። የደሴቲቱ ጥቁሮች በጀልባ መርከቡን ከበቡት። አብዛኞቹ ወዲያው ነፃ ወጡ፤ ከታሰሩት 19 አማፂዎች ሁለቱ እስር ቤት ሞተው፣ 17ቱ በሚያዝያ 1842 ተለቀቁ።