የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የዩኒቨርሲቲ የካርቦን ልቀት ከመብራት ቆጣሪው ውጭ

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ መብራታችን ከውኃ ኃይል የሚመጣ ነው። ታዲያ ዩኒቨርሲቲያችን ስለ ምን የካርቦን ልቀት ሪፖርት ያደርጋል?

መልስ፦ ልክ ነዎት፣ በመብራት በኩል ያለብን ልቀት ትንሽ ነው። ዓለም አቀፉ የልቀት አቆጣጠር ደንብ፣ የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል ግን ልቀትን በ3 ይከፍለዋል። አንደኛው ግቢው ራሱ የሚያቃጥለው የጄኔሬተር ናፍጣና የወጥ ቤት ማገዶ ነው፤ ሁለተኛው የሚገዛው ኤሌክትሪክ ነው። ሦስተኛው ሌሎች ለግቢው ሲሉ የሚለቁት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው መመሪያ በ15 ዘርፎች ዘርዝሮታል። የተማሪዎች ምግብ፣ የአዳዲስ ሕንፃዎች ሲሚንቶና ብረት፣ ኮምፒውተሮች፣ የመምህራን የአውሮፕላን ጉዞ ሁሉ እዚህ ይገባሉ። መብራቱ ንጹሕ በሆነበት አገር ይህን ክፍል መተው ሪፖርቱን ባዶ ያደርገዋል።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ የሠራተኞች ሰርቪስስ?

መልስ፦ አውቶቡሱ የግቢው ከሆነ ቀጥተኛ ልቀት ነው። ባለንብረቱ ነዳጅ እየሞላ የሚያከራየው ከሆነ ተዘዋዋሪ ነው። በሁለቱም መንገድ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል።

ጥያቄ (ከጅማ፣ የግዥ ባለሙያ)፦ የተገዛውን ሁሉ በብር ደምረን በአንድ ቁጥር እንድናባዛ ተነግሮናል። ይበቃል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለመነሻ ያህል ካልሆነ በስተቀር አይበቃም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ የብር ዋጋ በእጅጉ ወረደ። ያው ኮምፒውተር፣ ያው ብዛት፣ ዋጋው በብር ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። የማባዣው ቁጥር፣ ማለትም ለአንድ ብር ስንት ልቀት እንደሚቆጠር የሚነግረው፣ ካልተስተካከለ፣ ምንም ሳይጨምር ልቀታችሁ ያደገ ይመስላል። በተቃራኒው በዶላር የተሠራ ማባዣ ተጠቅማችሁ የአገር ውስጥ ጤፍና ሽሮ ብትለኩ፣ የብር ዋጋቸው ወደ ዶላር ሲቀየር ስለሚያንስ አንድ ኩንታል ሳይቀነስ ልቀቱ የወረደ ሊመስል ይችላል። እንዲህ ያለ ሪፖርት አመራሩን ያሳስታል፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል። ስለዚህ በኩንታል፣ በሊትር፣ በኪሎ ሜትር ቁጠሩ። መረጃው በእጃችሁ ነው፤ ንብረት ክፍል በሞዴል 19 የገባውን፣ በሞዴል 22 የወጣውን መዝግቦ ይዟል። በመጀመሪያው ዓመት ምግብን፣ ሲሚንቶንና ብረትን በዚህ መንገድ ብትለኩ ትልቅ ሥራ ነው። የጽሕፈት መሣሪያው በብር ቢገመት ግድ የለም፤ በየትኛው ዘዴ እንደተሰላ ግን ከቁጥሩ ጎን ይጻፍ።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ትምህርት ሚኒስቴር ከሩቅ የሚመድብልን ተማሪ ጉዞ በማን ላይ ይቆጠራል?

መልስ፦ መመሪያው በስም የሚጠቅሰው የሠራተኛን ምልልስ ነው። እኔ ግን በተለየ መስመር እንዲመዘገብ እመክራለሁ፤ ምደባው የተማሪው ምርጫ ብቻ ባይሆንም መንገዱ ጭስ አለው። ለመለካትም አይከብድም፤ በምዝገባ ቅጹ ላይ «ከየት ከተማ፣ በምን ትራንስፖርት መጣህ/መጣሽ?» የሚል አንድ ጥያቄ ጨምሩ።