ልጆቹን «ምን ተማራችሁ?» አትበሏቸው

(ሐዋሳ ላይ ለወላጆችና ለመምህራን በተዘጋጀ የክረምት ንባብ መክፈቻ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከኋላ ወንበር የምትንሾካሾኩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣

እንደምን ዋላችሁ! አዘጋጆቹ የሰጡኝ ሥራ ቀላል ነው። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 13 ለሆኑ ልጆች ለዚህ ክረምት የሚሆኑ አዳዲስ የጀብዱና የምናብ ልብ ወለዶች ጠቁሚን ነው ያሉኝ። እጠቁማለሁ፤ ዝርዝሩን ይዤ መጥቻለሁ። ነገር ግን ማይክራፎን እጄ ከገባ ሆዴ ውስጥ የከረመውን ሳልናገር አልወርድም። የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ።

እዚህ ከተማ አማርኛ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። ግማሻችሁን «ዐረፍተ ነገሩን ጨርሰው» እያልኩ አሰልችቻለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁን ታሪክ ምናልባት ክፍሉ ውስጥ የነበራችሁ ታስታውሱት ይሆናል።

አምስተኛ ክፍል ነው። ዓርብ የመጨረሻዋ ክፍለ ጊዜ እንዴት እንደምትከብድ አስተማሪ ያውቃታል። ሙቀቱ አለ፣ የባጃጁ ጡሩምባ አለ፣ ልጆቹ በልባቸው ቤት ከገቡ ቆይተዋል። እኔ በዚያች ሰዓት መጽሐፍ አነብላቸው ነበር። በእርዳታ ከመጣ ክምር ውስጥ ያገኘሁት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው፤ ሽፋኑ ተገንጥሎ ስለነበር ርዕሱንም ደራሲውንም እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለት ልጆች በጀልባ ተሳፍረው ደሴት ፍለጋ ይሄዳሉ። በዐይኔ እንግሊዝኛውን እያየሁ በአፌ አማርኛ አደርገዋለሁ። ያልገባኝ ቦታ ስደርስ ደግሞ፣ ዛሬ ልናዘዝ፣ ከራሴ እጨምር ነበር። ደወሉ ሲደወል ጀልባዋ ማዕበል ውስጥ ካለች እዚያው ማዕበሉ ውስጥ ትቻት እሄዳለሁ። «ቲቸር! ሰመጡ?» «ዓርብ እንገናኝ!» ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሳይቀር በነጠላዬ ጫፍ እየጎተቱ ይጠይቁኝ ነበር።

አንድ ዓርብ ሱፐርቫይዘር መጡ። ከኋላ ተቀመጡ። ያን ዕለት ጀልባዋ ውኃ ማስገባት የጀመረችበት ምዕራፍ ላይ ነበርን፤ ክፍሉ ትንፋሹን ውጧል። አንብቤ ስጨርስ እሳቸው ተነሡ፣ ኮታቸውን ቆለፉና «ልጆች፣ ከዚህ ታሪክ ምን ተማራችሁ?» አሉ።

ጭጭ። አሁን ሲንጫጫ የነበረ ክፍል ወለሉን ማየት ጀመረ። መልስ የማታጣዋ ጎበዟ ልጄ ብድግ አለችና «መታዘዝ ጥሩ መሆኑን» አለች። ታሪኩ ውስጥ እኮ አንድም የታዘዘ ሰው አልነበረም! ልጆቹ ከቤት የወጡት ሳይታዘዙ ነው።

ከዚያ ከመስኮቱ ጥግ አንድ እጅ ተነሣ። ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ነው፤ አባቱ ሐይቃችን ዳር አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጅ ናቸው። «ጀልባዋ የተበሳችው ከሥሯ ሳይሆን ከጎኗ ነው» አለ። «ምን አልክ?» አሉ ሱፐርቫይዘሩ። ልጁ ተነሥቶ ማስረዳት ጀመረ። ከሥሯ ቢሆን ኖሮ ቆማም ትሞላለች፤ እዚህ ግን ውኃው የገባው ስታዘነብል ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ወደ ወዲያኛው ጎን ተጠግተው ይቀመጡ፤ ቀዳዳው ከውኃው በላይ ይወጣል፤ ልጁ ሸሚዙን አውልቆ ይወትፈው። ሌላው «ከተገለበጠችስ?» አለ። ሦስተኛው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጀልባ ሊሥል ሮጠ። እኔ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ቀዳዳው የት እንደሆነ ግን አላሰብኩም ነበር።

ሱፐርቫይዘሩ ወረቀታቸው ላይ ምን ብለው እንደጻፉ ልንገራችሁ? «የትምህርቱ ዓላማ ግቡን አልመታም።» ወረቀቱ አሁንም አለኝ።

እሳቸውን ለመውቀስ አይደለም፤ ሁላችንም እሳቸው ነን። ልጅ መጽሐፍ ከፍቶ ሲስቅ ስናይ ደስ አይለንም፤ ደረሰኝ እንጠይቃለን። የልጆች መጽሐፍ ስናሳትም እንኳ ታሪኩ ሳያልቅ ምክሩን መጨረሻው ላይ እንለጥፋለን። ልጁም ሞኝ አይደለም፤ ምክሩ ወዴት እንደተደበቀ ያውቀዋል፣ እንደ ክኒን ከማሩ ውስጥ ለይቶ ይተፋዋል። «ልብ ወለድ ምን ይጠቅመዋል፣ ሒሳቡን ይሥራ» የምትሉኝ አባቶች፣ እስቲ እውነቱን እናውራ! ማታ ማታ የቱርክ ተከታታይ ፊልም ፊት ተቀምጣችሁ ራት ሲቀዘቅዝ፣ ክፍል መቶ ምንትስ ሲያልቅ ማን መጥቶ «ጋሼ፣ ከዚህ ክፍል ምን ተማሩ?» ብሏችሁ ያውቃል? ለአዋቂው ደስታ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ለአሥር ዓመት ልጅ ለምን ያስፈልገዋል?

ሌላው አስማቱ ነው። «መጽሐፉ ውስጥ ጠንቋይ አለ» ብለው የመለሱልኝ እናት አሉ፤ ስጋታቸውን አከብራለሁ፤ ቀድመው ያንብቡት። ግን እኛስ? ጅብ ሲያወራ፣ እባብ ሲዳኝ ሰምተን አይደለም ያደግነው? አባባ ተስፋዬ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉን ከቴሌቪዥኑ ጋር አፍ ለአፍ ገጥመን የሰማናቸው ተረቶች እንስሳቱ ሁሉ የሚናገሩባቸው ነበሩ። ከመካከላችን ጅብ ያገባ አላየሁም።

ይህችው ከተማ ደግሞ በአህያ ጋሪ የሚዞር የልጆች ቤተ መጻሕፍት የነበራት ከተማ ናት። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የመሠረቱት ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለው ድርጅት ያመጣውን ጋሪ የምታስታውሱ አላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ከኋላው ሮጣችኋል። አህያዋ «ምን ተማራችሁ?» ብላ አልጠየቀቻችሁም።

እሺ፣ ዝርዝሩ።

ከቤታችን ልጀምር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ያሳተሙትን «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ «ጦቢያ» የምንለውን፣ የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ነው ብላችሁ ለፈተና ሸምድዳችሁታል። ታሪኩን ግን ታስታውሱታላችሁ? አንዲት ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ጀብዱ ነው! የአማርኛ ልብ ወለድ ሲወለድ መንገድ ላይ ነበር። ቋንቋው ለዛሬ ልጅ ይከብዳል፤ እናንተ አንብባችሁ በአፋችሁ ንገሯቸው።

ጦቢያን ለወደደች ልጅ ቢ.ቢ. አልስተን በ2021 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «አማሪ ኤንድ ዘ ናይት ብራዘርስ» ስጧት። አማሪም የጠፋ ወንድሟን ነው የምትፈልገው፤ ፍለጋው ከተፈጥሮ ውጭ የሆኑ ፍጡራንን ጉዳይ ወደሚይዝ ስውር ቢሮ ይወስዳታል። በሁለቱ መካከል መቶ ምናምን ዓመትና ውቅያኖስ አለ፤ እህት ግን ያው እህት ናት።

ኔዲ ኦኮራፎር በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «አካታ ዊች» ናይጄሪያ ውስጥ ነው። ሰኒ የ12 ዓመት ልጅ ናት፣ አልቢኖ ናት፣ ኃይል እንዳላት ዘግይታ ታውቃለች። እዚያ ዓለም ውስጥ አንድ ሰው አዲስ ነገር ሲያውቅ ገንዘብ ከላይ ይወርድለታል፤ ከሁሉም የከበረው ወርቁ ሳይሆን መዳቡ ነው። አዎ፣ ይህ መጽሐፍ ስለ መማር ነው፤ ሱፐርቫይዘሩ ይደሰታሉ። ልዩነቱ፣ ማንም አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ይወርዳል።

እንግሊዝኛው ለሚያስፈራው ልጅ ፒተር ብራውን በ2016 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ዘ ዋይልድ ሮቦት» አለ። ሮዝ የምትባል ሮቦት ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ወድቃ የዝይ ጫጩት ታሳድጋለች። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፤ ማታ ማታ ሁለት ሁለት ይበቃል። ካትሪን ራንዴል በ2023 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «ኢምፖሲብል ክሪቸርስ» ደግሞ ለጠንካራ አንባቢ ነው፤ የምትበር ልጅ አለች፣ ደሴቶች አሉ፣ ሐዘንም አለበት፤ አስቀድሜ ነግሬያችኋለሁ።

እኔ እጅ ያሉት እንግሊዝኛ ናቸው፤ አዎ፣ ችግር ነው። እንደኔ አድርጉ፤ በዐይናችሁ አንብቡ፣ ቤታችሁ በሚነገረው ቋንቋ ተናገሩት፣ በሲዳምኛም በወላይትኛም ይሁን። ያልገባችሁን ከራሳችሁ ጨምሩ። ማንም አይከሳችሁም።

መጽሐፎቹ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። መዝገቡ ላይ የልጁን ስም ጽፋችሁ ውሰዱ። ሻይ ቢፈስበት፣ ገጹ ቢታጠፍ አልቀየምም። ሽፋን የሌለውን የጀልባውን መጽሐፍም ይዤው መጥቻለሁ፤ እርሱን ግን ማየት እንጂ መዋስ አይቻልም።

አመሰግናለሁ።