ጣሪያው ላይ ማን ወጣ?

የአርክቴክቸር ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ! አዘጋጆቹ «አጠር አድርገው» ብለውኛል። እሞክራለሁ።

ጠዋት የመመረቂያ ሥራዎቻችሁን ዞሬ አየሁ። ጎበዞች ናችሁ፣ እኔ በእናንተ ዕድሜ እንዲህ አልስልም ነበር። ግን ተናደድኩ። አብዛኛው ፕላን ላይ ቦታው ነጭ ነው። እነዚያን ሰፈሮች አውቃቸዋለሁ፣ ቤት ሞልቶባቸዋል። ማን አፈረሰው? እናንተ፣ ገና ሳትመረቁ፣ በኮምፒውተር!

እርግጥ ለመቆጣት አፍ የለኝም፤ እኔ የምር አስፈርሻለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት አይተህ ሪፖርት ጻፍ ተባልኩ። ሰፊ በረንዳ፣ የአቡጀዲ ኮርኒስ ያለው ቤት ነው። የግድግዳው ሥር ረጥቧል፣ ልስኑ ተላጧል። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልቆየሁም። ኮርኒሱን ገልጬ ጣሪያውን አላየሁም። «ለአገልግሎት ብቁ አይደለም» ብዬ ፈረምኩ። በሦስት ቀን ያልቃል የተባለው ማፍረስ ሦስት ሳምንት ፈጀ። የግድግዳው የጥድ ምሰሶ አልነቀልም አለ! ፎርማኑ አስጠርቶኝ አዲስ የተቆረጠ ምሰሶ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋና «አሽትተው» አለኝ። ትናንት ከጫካ የመጣ ነው የሚመስለው። «ኢንጂነር፣ ብቁ አይደለም ያልከው ይሄን ነው?» ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ሌላ ምን ላድርግ?

ግድግዳውን የጎዳው ምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። አንድ ሰው ቤቱን «ለማሳመር» በሲሚንቶ ለስኖታል። ጭቃ የያዘውን እርጥበት ወደ ውጭ ያወጣል፣ ሲሚንቶ ሲደፍነው ግን ውሃው ውስጥ ይቀራል። የሲሚንቶውን ልስን ልጦ በኖራ ልስን መተካት፣ የጣሪያውን ፍሳሽ ከግድግዳው ማራቅ። ይኸው ነበር ሥራው።

«አሮጌ ቤት ምን ይሆናል?» የሚለኝን ስድስት ኪሎ ነው የምልከው። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፣ ዛሬ ሙዚየም ነው፣ የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ሳይቀር ይጎበኛል። የራስ ብሩ ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል። ሐረር ያለው የራስ ተፈሪ ቤትም እንደዚሁ። ግን ሁሉም ሙዚየም ይሁን አላልኩም፣ እሱም ስንፍና ነው። ክፍሎቹ ትንንሽ ከሆኑ ክሊኒክ ወይም ቢሮ አድርጉት፣ ግድግዳ ንዳችሁ አዳራሽ አታስመስሉት። ሽንት ቤቱንና ወጥ ቤቱን ከጓሮ ለብቻው ሥሩት፣ ድሮ ማድ ቤት እንደሚሠራው፣ ውሃ ከጭቃው እንዲርቅ።

ፒያሳ ስትፈርስ ሁላችንም ፎቶ ለጠፍን፣ አለቀስን። ቤቶቹን ሜትር ይዞ የለካ ስንት ነው? እጅ አውጡ እስቲ! ፕሮፌሰሮቹም ጭምር!

ስለ ሕጉና ስለ ገንዘቡ ልናገር ነበር፣ ሰዓቱ አለቀ። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ የአንድ አሮጌ ቤት ቁልፍ እጄ ይገባል። ባለቤቱ ያፍርሰው ያድሰው ገና አልወሰነም። ሜትር፣ ወረቀትና መሰላል ይዛችሁ ኑ። ነጭ ልብስ አትልበሱ፣ ቁንጫም አለ።