ነጭ ሸረሪት አየሁ ለምትሉኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ሸረሪት ነው፤ የምትፈሩ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። ሰዎች ፎቶግራፍ ያሳዩኝና «ይህች ነጭ ሸረሪት ምን ትባላለች?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ቀለሟን ትቼ ሌላ ሌላውን እጠይቃለሁ። የት ነበረች? ድር ነበራት? እግሮቿን እንዴት ዘርግታ ነበር? ጠያቂው ይሰለቻል፤ አልፈርድበትም። ነጭነቷ ቀድሞ ዓይን ይስባል፤ ሆኖም ሸረሪትን ለመለየት እንደ ቀለም የሚያሳስት ምልክት የለም ባይ ነኝ።

አበባ ላይ የምታደፍጠውን ሸርጣን ሸረሪት እንውሰድ። ስለምወዳት ትንሽ ልቆይባት። ድር ዘርግታ አታጠምድም። ከኋለኞቹ የሚረዝሙትን አራት የፊት እግሮቿን ወደ ጎን ከፍታ፣ ንብ ወይም ዝንብ እስኪያርፍላት ትጠብቃለች። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የምትኖረው፣ ሚሱሜና ቫቲያ የምትባለው ሸርጣን ሸረሪት ነጭ አበባ ላይ ነጭ ናት፤ ቢጫ አበባ ላይ ከሰነበተች ግን ራሷም ቢጫ ትሆናለች። ቢጫ ለመሆን ከሁለት ሳምንት በላይ ሊፈጅባት ይችላል፤ ወደ ነጭ መመለሱ ይፈጥናል። እንዲህ የምትለዋወጠው ሴቷ ናት። ወንዱ ከእርሷ እጅግ ያነሰና ጠቆር ያለ ስለሆነ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ ዝርያ ናቸው ብሎ አይገምትም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የአውስትራሊያዋ ዘመዷ ናት። ለእኛ ነጭ አበባ ላይ የተሸሸገች ትመስላለች። ሰውነቷ ግን የሰው ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት የተባለ ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ለንብ ጎልታ ትታያለች፤ ንቧም ሸረሪት ወዳለበት አበባ ትሳባለች። መደበቅ ያልነው ነገር ማባበያ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ በሌሊት የምትሮጠው ፈዛዛ ሸረሪት ሌላ ናት። መንጋጋዋ ጠቆር ይላል፣ ስምንቱ ዓይኖቿ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፣ ቀን ቀን በሐር ከረጢት ውስጥ ታርፋለች። ብትነክስ ታሳምማለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከባድ ጉዳት አታደርስም። ጥግ ላይ ተንጠልጥላ ስትነካ ድሯን የምታርገበግበዋ ባለ ረጃጅም እግር ደግሞ ለሰው አታሰጋም።

ጨርሶ ነጭ ያልሆኑም አሉ። ገና ቅርፊቷን የጣለች ሸረሪት ለጊዜው ትገረጣለች። ከኋላዋ ነጭ ኳስ የምትጎትተው እንቁላሏን የተሸከመች እናት ናት። ቅጠል ሥር ነጭ ጸጉር አብቅላ የደረቀችው ደግሞ ፈንገስ የገደላት ናት፤ እርሷን «ብርቅ ዝርያ» ብለው ያሳዩኝ አሉ።

ስለዚህ ፎቶግራፍ ስታነሱ ከላይም ከፊትም አንሡልኝ፤ ዓይኖቿ ይታዩ፣ የነበረችበትም ቦታ አይቆረጥ። ያም ሆኖ ብዙ ዝርያዎች የመራቢያ አካላቸው በማይክሮስኮፕ ካልታየ አይለዩም፤ ያልጎለመሰች ከሆነች ደግሞ እርሱም የለም። «ከሸርጣን ሸረሪቶች አንዷ ናት» ብዬ ካቆምኩ አትቀየሙኝ። ሳምንት እንገናኝ።