ከገንዳው ይልቅ ደረቁ መኝታ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ከድሬዳዋ ነው የምናገረው። እንደ ኦተር ያሉ በውሃም በየብስም የሚኖሩ ትንንሽ አጥቢ እንስሳት በእንስሳት ማቆያ እንዴት እንደሚዋለዱ ላወራ መሆኑን ስነግረው፣ አንድ ወዳጄ «እንኳን ለኦተር ለእኛም ውሃ አልበቃን» ብሎ ቀለደብኝ። የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ እያየ ላደገ ሰው ቀልዱ ያስኬዳል፤ እኔ ግን ነገሩን ሳገላብጠው ዋናው ችግር ውሃው ሆኖ አላገኘሁትም።

ትንሿን የእስያ ኦተር እንውሰድ። ከቆዳዋ ሥር ወፍራም ስብ ስለሌላት፣ ሙቀቷን የሚጠብቅላት ጥቅጥቅ ባለው ፀጉሯ ውስጥ የሚታፈነው አየር ነው። ስለዚህ ከገንዳው እንደወጣች ጭድ ላይ ትንከባለላለች፤ አንገቷንና ጎኗን ትፈትጋለች፤ ተጣብቆ የሾለው ፀጉሯ ተበታትኖ እስኪነፋ ድረስ አታርፍም። ወለሉ ሁሉ እርጥብ ሲሚንቶ ከሆነ ግን ብርድ ይገባታል፤ የሳንባ ምችም ሊከተል ይችላል። ግልገሎቿ ዓይናቸው ሳይገለጥ ስለሚወለዱና ዋናን ከወላጆቻቸው ስለሚማሩ፣ በዚያ ሰሞን ጥልቅ ገንዳ ራሱ የመስጠም አደጋ ነው።

እንቁላል ጥላ ጫጩቷን የምታጠባው የአውስትራሊያዋ ፕላቲፐስም እንዲሁ ናት። የእንስሳት ተመራማሪው ዴቪድ ፍሌይ እዚያው አውስትራሊያ ባለው የሂልስቪል ማቆያ እ.ኤ.አ. በ1943 ካራባት በኋላ፣ እዚያው ቦታ ሁለተኛው ስኬት የተገኘው በ1998 ነው። እናቲቱ የምትቆፍረው አፈርና በጭራዋ ጠቅልላ ወደ ጎሬዋ የምትወስደው ቅጠል ያስፈልጋታል።

ሐረር ላይ ጅቡ ማታ መጥቶ ከሰው እጅ ሥጋውን በልቶ ይሄዳል፤ ከማን እንደሚጣመር፣ የት እንደሚወልድ የሚጠይቀው የለም። በማቆያ ውስጥ ግን ማብላቱ ቀላሉ ሥራ ነው። ኤስቶኒያ ውስጥ የታሊን ማቆያ የአውሮፓ ሚንክ የተባለውን የኦተር ዘመድ ሲያራባ ያስቸገረው፣ በማቆያ ተወልደው ያደጉ ብዙ ወንዶች ወይ ሴቲቱን መናከሳቸው ወይ ዞር ብለው አለማየታቸው ነበር። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሂዩማ በተባለችው ደሴት የተለቀቁት ሚንኮች ከዚያው የመጡ ናቸው።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1927 ከግልገል ዓባይ ምንጭ አጠገብ አንዲት የውሃ አይጥ ተይዛ ነበር። ናሙናዋ ቺካጎ ተቀምጧል፤ ሌላ አልተገኘም። ነገ አንዲት በሕይወት ብትገኝ «ይዘን እናራባት» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ በበኩሌ ጎሬዋ የት እንዳለና ምን እንደምታነጥፍበት ሳይጠና ወጥመድ መዘርጋቱን እቃወማለሁ።