ወለዱን ቀንሱልኝ ያልኩበት ቀን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ልጄ ተኝቷል። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው የምቀዳው፤ የፍሪጁ ድምፅ ከተሰማችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ስለ ዕዳ ነው የማወራችሁ። ስለ ክሬዲት ካርድ፣ ባንኩ በብድር ስለሚከፍልልን ካርድ ዕዳ። እኛ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለቅሶ ቤትም ክርስትና ቤትም ስንገናኝ ስለ ቤት ኪራይ እናወራለን፣ ስለ መኖሪያ ወረቀት እናወራለን፣ ስለ ሰው ትዳር ሳይቀር እናወራለን። ይሄን ግን አፋችን ላይ አናመጣውም። እኔ ራሴ ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

በ2021 እናቴ አዲስ አበባ ታመመች። ትኬቱን በካርድ ቆረጥኩ። የሆስፒታሉን ከደመወዜ ላክሁ፤ ደመወዜ ወደዚያ ሲሄድ ደግሞ እዚህ ያለው አስቤዛ፣ የመኪናው ጎማ፣ የልጁ መድኃኒት ካርዱ ላይ ወደቀ። እናቴ ተረፈች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዕዳው ግን 6,400 ዶላር ላይ ቆመ። እከፍላለሁ፣ ዝቅ ይላል፤ አንድ ነገር ይበላሻል፣ ተመልሶ ይወጣል።

አንድ ሌሊት ከሥራ ገብቼ፣ የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው፣ የባንኩን ደብዳቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እንደ ሌላው ጊዜ የሚከፈለውን ቁጥር ብቻ አይደለም ያየሁት። አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ዝቅተኛውን ክፍያ ብቻ እየከፈልሽ ከቀጠልሽ የምትጨርሺው በ18 ዓመት ነው ትላለች። 18 ዓመት! ልጄ 7 ዓመቱ ነበር። 25 ዓመት ሲሞላው እኔ ገና ለዚያ ጎማ እየከፈልኩ ነው ማለት ነው። ከሥሯ ደግሞ በ3 ዓመት ለመጨረስ በወር 265 ዶላር ገደማ ክፈዪ የሚል መስመር አለ። ያቺን ሳጥን ባንኩ ወዶ አይደለም የሚያትማት፤ ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2009 የፈረሙት የክሬዲት ካርድ ሕግ አስገድዶት ነው። እባካችሁ ዛሬ ማታ የራሳችሁን ደብዳቤ አውጥታችሁ ሳጥኗን ፈልጓት።

ወለዱ 27.99 በመቶ ይላል። ካርዱን ስከፍት 22.74 ነበር። አንድም የክፍያ ቀን አላሳለፍኩ፣ ምን አድርጌ ነው የጨመሩብኝ አልኩ። ለካ ጉዳዩ ከኔ ጋር አልነበረም። ወለዱ ፕራይም ሬት ከሚሉት፣ ባንኮች ለብድር ወለድ መነሻ ከሚያደርጉት ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። ያ ደግሞ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ወለድ ከፍ ዝቅ ባደረገ ቁጥር አብሮ ይሄዳል። በ2022 መጀመሪያ ላይ 3.25 በመቶ የነበረው በ2023 ሐምሌ 8.50 ደረሰ። ልዩነቱን አስሉት፤ 5.25። የኔም የጨመረው ልክ 5.25 ነው። ሕጉ ባንኩ ወለድ ሲጨምር ከ45 ቀን በፊት እንዲያሳውቅ ያዛል፤ እንዲህ ከፕራይም ጋር ለሚወጣው ግን ማሳወቅ የለበትም። ስለዚህ ምንም ደብዳቤ አልመጣልኝም፣ ዝም ብሎ ወጣ።

ብዕር አንስቼ ወለዱን በቀን ከፋፈልኩት። 4 ዶላር ከ91 ሳንቲም። በየቀኑ! እሁድም፣ ፋሲካም፣ ታምሜ ስተኛም። በወር 147 ዶላር። ዝቅተኛው ክፍያዬ 211 ነበር፤ ከዚያ ላይ 147ቱ ወለድ፣ ዕዳውን የሚነካው 64ቱ ብቻ። አገር ቤት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግለሰብ ለግለሰብ ሲያበድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። 28 በመቶ ቢያስከፍል ሰፈሩ አራጣ አበዳሪ ይለዋል። እዚህ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 ባንክ መቀመጫውን ያደረገበትን ስቴት ወለድ ሌላ ስቴት ላለ ደንበኛም ማስከፈል ይችላል ብሎ ወሰነ። ካርድ የሚሰጡ ባንኮች ወደ ሳውዝ ዳኮታና ወደ ዴላዌር የሄዱት የወለድ ጣሪያ ስለሌለባቸው ነው። እኔ ሜሪላንድ ብኖርም የሜሪላንድ ጣሪያ አያድነኝም።

እንግዲህ በዚያው ሰሞን የእቁባችንን ዳኛ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ዕጣው ዘንድሮ እንዲቀድምልኝ ለመንኳቸው። ለምን አሉኝ። አፍሬ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ ነገርኳቸው። ሃያ ስንት ዓመት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። አልተቆጡኝም።

«ለመሆኑ ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ቀንሱልኝ ብለሽ ነዋ! ልጄ፣ መርካቶ ነጠላ ስትገዢ መጀመሪያ የጠራልሽን ከፍለሽ ትሄጃለሽ?»

ይሄን ሲሉኝ ደነገጥኩ። እናቴ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት መጨረሻው ስንት ነው ሳትል ቦርሳዋን የማትከፍት ሴት ናት። እኔ በዚያ ነው ያደግሁት። እዚህ ስመጣ ግን የታተመ ቁጥር ሁሉ ሕግ መሰለኝ። ወለድም ዋጋ ነው፤ የገንዘብ ዋጋ። ዋጋ መሆኑን ረስቼው እንደ ቅጣት ነበር የተቀበልኩት፤ ተበድሬያለሁና ይገባኛል ብዬ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ተብለን ነው ያደግነው። ይሉኝታው አለ። እንግሊዝኛዬ ቢሰናከልስ የሚለው አለ። ዕዳ እንዳለብኝ ለማላውቀው ሰው እንዴት አወራለሁ የሚለው ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። እንዴ፣ የማናገረው ሰው ዕዳዬን ከኔ በላይ ያውቀዋል እኮ! ከፊቱ ኮምፒውተሩ ላይ ነው ያለው።

የምናገረውን በወረቀት ጻፍኩት። አራት መስመር። ሦስት ዓመት ደንበኛችሁ ነኝ። አንድም ቀን አሳልፌ አላውቅም። ክሬዲት ዩኒየን ከ18 በመቶ በታች ሰጥቶኛል። ከናንተ ጋር መቆየት እፈልጋለሁ፣ ወለዱን ቀንሱልኝ። የ18ቱ ነገር እውነት ነው፤ የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየኖች፣ አባላቱ ራሳቸው ባለቤት የሆኑባቸው የቁጠባና ብድር ማኅበሮች ማለት ነው፣ በካርድ ላይ ከ18 በመቶ በላይ ማስከፈል አይችሉም፣ ጠይቄም ነበር። የሌለ ነገር አትናገሩ፤ ያላችሁን ብቻ ተናገሩ።

በ2024 ሚያዝያ፣ ማክሰኞ ጠዋት ደወልኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የመጀመሪያዋ ልጅ በትሕትና አዳመጠችኝና አይቻልም አለችኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁ። ያን ቀን አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው። ጋሼ ማታ ደውለው «አንድ ሱቅ እምቢ ቢልሽ ገበያው ተዘጋ?» አሉኝ። በሳምንቱ እንደገና ደወልኩ። ያነሳው ሰው ሌላ ነው፤ እሱም አይቻልም አለ። ያን ጊዜ ወረቀቱ ላይ ያልነበረ ነገር ተናገርኩ፤ «መወሰን የሚችል ሰው ጋር አገናኘኝ» አልኩት። ሙዚቃው 11 ደቂቃ ተጫወተ። አንዲት ሴትዮ መጣች፣ መዝገቤን አየችና፣ ለ12 ወር 21.99 ላደርግልሽ እችላለሁ አለች።

6 በመቶ ማለት ምንድን ነው? በወር 250 እየከፈልኩ በ12 ወር ውስጥ ከ380 ዶላር በላይ ነው የተረፈኝ። የኔ ጊዜ ደግሞ፣ ሁለቱ ስልክ ተደምሮ፣ ከአንድ ሰዓት አያልፍም።

እሺ ከማለታችሁ በፊት ግን ጠይቁ። ለስንት ወር ነው? ካርዱ ይዘጋል ወይ? የችግር ጊዜ ፕሮግራም የሚሉት ብዙ ጊዜ ካርዱን ያግዳል፤ እሱ የግድ መጥፎ አይደለም፣ ግን አውቃችሁ ግቡበት። ክሬዲቴን፣ የብድር ታሪኬን ማለት ነው፣ ትመረምራላችሁ ወይ? በጽሑፍ ላኩልኝ። ያናገራችሁትን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ። ሌላው፣ ስልክ ደውሎ ወለድ እናስቀንስልሻለን፣ መጀመሪያ ክፈዪ የሚላችሁን ዝጉበት። ከ2010 ጀምሮ በስልክ ዕዳ እናቃልላለን የሚል ድርጅት ሥራውን ሳይሠራ ገንዘብ መቀበል አይፈቀድለትም። የባንካችሁ እውነተኛ ቁጥር ካርዳችሁ ጀርባ ላይ አለ፣ እሱን ደውሉ። ክፍያ ማሳለፍ ለጀመረ ሰው ደግሞ ለትርፍ ያልቆሙ የብድር አማካሪዎች አሉ፤ ከሁሉም ካርድ ሰጪ ባንኮች ጋር ተነጋግረው በአንድ ክፍያ ያደርጉላችኋል። ይሄን የምለው አንዳንዶቻችሁ ከኔ የባሰ ቦታ ላይ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው።

ዓመቱ ሲያልቅ እንደገና ደወልኩ። እምቢ አሉኝ። ዕዳው 4,600 አካባቢ ደርሶ ነበር፤ ወደ ክሬዲት ዩኒየኑ አዛወርኩት። አሁን እየጨረስኩት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አብራኝ የምትሠራ እህት ደብዳቤዋን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ መጣች። እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ቡና አፈላሁ። አራቱን መስመር አብረን ጻፍን፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግን። ድምፅዋ መጀመሪያ አልወጣም፤ እጇን ያዝኩት። አይቻልም አሏት። እሷም «የሚወስን ሰው ጋር አገናኙኝ» አለች፣ ከኔ ይልቅ ጥርት አድርጋ። እሱም አይቻልም አለ። ስሙንና ቀኑን ደብዳቤው ጀርባ ላይ ጻፈች። ሐሙስ ከሥራ ስንወጣ እንደገና እንደውላለን፤ ምን እንዳሏት በሚቀጥለው ሳምንት እነግራችኋለሁ፣ እሷም ፈቅዳለች።

ልጄ ነቃ መሰለኝ። ደህና እደሩ።