በሲሸልስ «ወራጅ አለ!» እንዴት ይባላል?

ዳዊት፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን። ሄለን ከሲሸልስ ተመልሳ ዛሬ አጠገቤ ተቀምጣለች። እንኳን በሰላም ተመለስሽ! መቼም ሲሸልስ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የሙሽሮችና የባለጸጎች አገር ነው።

ሄለን፦ እንኳን ደኅና ቆየኸኝ። ለእኔም ከመሄዴ በፊት እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አውቶቡስ ነው፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ስለ አገባቡ ልንገርህ፤ ሰው የሚቸገረው እዚያ ላይ ነው።

ዳዊት፦ ቪዛ አያስፈልግም ይባል የለም እንዴ?

ሄለን፦ ለአብዛኛው አገር ዜጋ አያስፈልግም። ነገር ግን ፓስፖርት ብቻ ይዘህ አትሄድም። ከመነሳትህ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ታወጣለህ፤ ይህም ክፍያ አለው። የመመለሻ ትኬት፣ የምታርፍበት ቤት ማረጋገጫና ለቆይታህ የሚበቃ ገንዘብ እንዳለህ ማሳየት ይኖርብሃል። ከእኛ ዘንድ ለሚነሳ መንገደኛ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው። ካርዱ የሚሠራው ከተከተብክ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት የሚሮጡበት ጉዳይ አይደለም። እባካችሁ ይህን ልብ በሉ።

ዳዊት፦ በረራውስ?

ሄለን፦ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ትሄዳለህ፤ አራት ሰዓት ያህል ነው። አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል በመስኮት ብታይ ባሕር እንጂ መሬት የለም፤ ልብህ ስንጥቅ ይላል። ማኮብኮቢያው የተሠራው ባሕሩን በመሙላት ነው። አውሮፕላን ማረፊያው በይፋ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት እንግዳ በአብዛኛው የሚገባው በመርከብ ነበር። ፓስፖርትህ ላይ የሚመታው ማኅተም ደግሞ የኮኮ ደ ሜር ፍሬ ቅርጽ አለው፤ ይህ የዘንባባ ዛፍ ፍሬ ነው፤ ዘሩም በዓለም ላይ ካሉ ዘሮች ሁሉ ትልቁ ነው።

ዳዊት፦ እሺ፣ አሁን አውቶቡሱ።

ሄለን፦ ማሄ ትልቋ ደሴት ናት፤ ርዝመቷ ግን 27 ኪሎ ሜትር አካባቢ ቢሆን ነው። ታክሲው ውድ ነው። መኪና ብትከራይ ደግሞ የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ ተራራውን የሚያቋርጠው መንገድ ጠባብ፣ ዳሩም ገደል ነው። እኔ ከዋና ከተማዋ ከቪክቶሪያ መናኸሪያ ሰማያዊውን አውቶቡስ ያዝኩ። ተማሪው፣ ከገበያ ዓሣ ገዝቶ የሚመለሰው፣ ነርሷ ሁሉም እዚያው ነው። አንዲት እናት ቅርጫታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ኩርባው ላይ ስንደርስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ደቫን!» አሉ፤ ሾፌሩም ፍሬን ያዘ።

ዳዊት፦ ወራጅ አለ!

ሄለን፦ አዎ! በአገሩ ቋንቋ በክሪኦል «ከፊት» ማለት ነው፤ ሥራው ግን የእኛው «ወራጅ አለ» ነው። ያን ጊዜ አገሩ አገሬ መሰለኝ። በማግሥቱ ራሴ «ደቫን» ብዬ ስወርድ ከኋላ የተቀመጡት ፈገግ አሉልኝ። በሆቴል መኪና የሚዞር ሰው ይህን አያገኘውም፤ ለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው። ትልቅ ሻንጣ ግን አውቶቡስ ላይ አይፈቀድም፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ታክሲ ከበጀትህ ውስጥ አስገባው። አውቶቡሱ ምሽት ላይም ቀደም ብሎ ያቆማል።

ዳዊት፦ ወደ ሌሎቹ ደሴቶችስ?

ሄለን፦ ወደ ፕራሊን ፈጣን ጀልባ አለ፣ አንድ ሰዓት ያህል። እኔ የሄድኩት በሐምሌ ነበር። ከግንቦት እስከ መስከረም የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ባሕሩን ስለሚያናውጠው መንገዱ ከበደኝ፤ ባዶ ሆዴን መሳፈሬ ደግሞ አባሰው። ሆድህን ቀለል ባለ ምግብ ያዝ፣ ከኋላ በኩል ተቀመጥ፣ ዓይንህን አድማሱ ላይ ትከል። ባሕር ጨርሶ የማይስማማው ሰው በትንሽ አውሮፕላን 20 ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ይደርሳል። ፕራሊን ላይ ቫሌ ደ ሜ የሚባለውን የዘንባባ ጫካ እንዳታልፈው፤ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የኮኮ ደ ሜር ፍሬ ገዝተህ ልትወጣ ካሰብክ ግን የፈቃድ ወረቀቱን ከሻጩ ተቀበል፤ ያለ እሱ ከአገር አይወጣም።

ዳዊት፦ ላ ዲግ ደሴትስ ደረስሽ?

ሄለን፦ ከፕራሊን 15 ደቂቃ ነው፤ እንዴት እቀራለሁ! እዚያ መኪና ጥቂት ነው፤ ሰው ሁሉ በብስክሌት ይሄዳል። ወደቡ አጠገብ ተከራይቼ አንስ ሱርስ ዳርዣን ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ወረድኩ። ዝሆን የተኛ የሚመስል ግራጫ ድንጋይ፣ ሥሩ ነጭ አሸዋ። መንገድ ላይ አንዲት ትልቅ ኤሊ መሐል አስፋልት ላይ ቆማ አገኘሁ፤ ብስክሌተኛው ሁሉ ወርዶ፣ እስክታልፍ ድረስ ጸጥ ብሎ ይጠብቃታል።

ዳዊት፦ ስንት ደቂቃ?

ሄለን፦ ሰዓቴን አላየሁም። እኔም ወርጄ ጠበቅኋት።